ሰደፉን ባልከፈትኩት

ኮምቦልቻ ላይ አንዲት ትንሽ የጀበና ቡና ቤት አለችኝ። ግድግዳዋ ላይ ጃንሆይ ደሴ ሳሉ ከፀረ አውሮፕላን መሣሪያ ጋር የተነሱት ፎቶ ተሰቅሏል። ጣሊያን ከተማዋን በቦምብ የደበደበበት የ1928ቱ ኅዳር መታሰቢያ መሆኑ ነው። አንድ ቀን ታዲያ አንዱ ደንበኛዬ ቡናውን ፉት እያለ፣ «ከጎኑ አንድ አሮጌ ጠመንጃ ቢሰቀልስ?» አለኝ። በሰው ኪስ ማማከር ምን ይከብዳል!

የአክስቱ ባል ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ ነው የሚኖሩት። ጠመንጃ ሊሸጡ አስበዋል። «የአድዋ ነው» አለኝ። አድዋ ሲባል ልቤ ቀለጠ፤ ኪሴ ግን ተጠራጠረ።

ፈቃድ ሳይኖረኝ እንደማልገዛው ከወዲሁ ተናግሬያለሁ። የጦር መሣሪያ አዋጁ፣ ቁጥር 1177/2012፣ «ለግድግዳ ነው» ቢሉት አይሰማም። ሰውየው ወረቀት አላቸው፤ እኔ ገና የለኝም። ስለዚህ የምሄደው አይቼ ዋጋ ለመነጋገር ብቻ ነው። ቢሆንም እንዳልሸወድ ብዬ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ስልኬ ላይ ስለ አሮጌ ጠመንጃ ሳነብ አመሸሁ። ሲነጋ ባለሙያ ሆኜ ተነሳሁ።

የሐረጎን ዳገት ስንወጣ ጉሙ ተቀበለን። እኔ የኮምቦልቻ ልጅ በቲሸርት ነበርኩ። ደሴ ስገባ ጥርሴ እየተንገጫገጨ ስለነበር፣ ቤቱ እንደደረስኩ እማማ መጀመሪያ ያቀረቡልኝ ጠመንጃውን ሳይሆን ጋቢ ነው። ቡናው እየተቆላ ነበር። አባባ ከመኝታ ቤት በነጠላ የተጠቀለለ ነገር ይዘው ወጡ።

«ምንሽር ነው» አሉ። «የአባቴ አባት አድዋ ላይ ከጣሊያን እጅ የነጠቁት።»

ተቀበልኩና መጀመሪያ ያደረግኩት ነገር ምን ይመስላችኋል? አፈሙዙ ውስጥ ማየት። ሌሊቱን ሙሉ ካነበብኩት የመጀመሪያው መስመር «ባዶ መሆኑን አረጋግጥ» የሚል ነበር። አባባ በከዘራቸው እጄን ቸብ አደረጉኝ።

«አንተ ልጅ፣ ጠመንጃ በአፉ አይታይም!»

ማቀባበያውን አውጥቼ ከኋላ በኩል ላየው ፈለግኩ። ብስበው ብጎትተው እምቢ አለኝ። አባባ ተቀብለው ምላጩን በአንድ ጣት ያዝ፣ ማቀባበያውን ሳብ፤ ወጣ። ያነበብኩትም ልክ እንደዚያ ነበር። ማንበብና እጅ ግን ይለያያሉ።

በስልኬ መብራት ውስጡን አየሁት። አራቱ ጠመዝማዛ መስመሮች አሉ፤ መጨረሻው ላይ ሸረሪት ድር ሠርታበታለች። «መስመሩ ደህና ነው» አልኩ፣ ሐኪም በሚመስል ድምፅ። ችግሩ ውጪው ነበር። ብረቱ እንደ አዲስ ብረት ድስት ያበራል።

«እማማ፣ ይሄ ነገር ታጥቧል እንዴ?»

«ታዲያስ! እንግዳ ይመጣል ሲሉኝ በአመድና በሽቦ ፈትጌ አጠራሁት» አሉ በኩራት።

የአሮጌ ጠመንጃ ገዢ የሚፈልገው ዘመን ያለበሰውን ያንን ደብዘዝ ያለ ቀለም ነው፤ ከተፈተገ ዋጋው ይወርዳል። ይህን ሳስረዳቸው እማማ ጀበናውን ይዘው ቆሙ። «አጽድቼ ቀነሰ? ቆሻሻ ቢሆን ይወደድ ነበር?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። እስካሁንም የለኝም።

አቦሉ ተጠጣ። እኔ ደግሞ ቀጠልኩ። የሰደፉ እንጨት አንገቱ ላይ ተሰንጥቆ በጠፍር ታስሯል፤ ቀነስኩ። እንጨቱ ላይ ያለው ቁጥርና ብረቱ ላይ ያለው ቁጥር አይገጥምም፤ ቀነስኩ። ከዚያ ከሽቦ የተረፈውን ማህተም አነበብኩት። «ብሬሻ» ይላል፣ የጣሊያን ከተማ ናት። ሥሩ 1936።

«1936?» አሉ አባባ። «ያኔማ ጣሊያን ከወጣ ሦስት ዓመት ሆኖታል! ማን ሠራው ታዲያ?»

«አባባ፣ በፈረንጅ ነው። በእኛ 1928 መሆኑ ነው።»

ዝም አሉ። በጣታቸው ቆጠሩ። አድዋ 1888 ነው። አያታቸው የማረኩት ጠመንጃ ከተማረከ 40 ዓመት በኋላ ነው የተሠራው። በአድዋ ጊዜ የጣሊያን ወታደር አብዛኛው የያዘው ቬተርሊ የሚባለውን ነበር፤ ይሄኛው ካርካኖ ነው፣ አጭሩ፣ ሳንጃው የሚታጠፈው። በነገራችን ላይ «ምንሽር» ማለታቸው ያን ያህል ስህተት አይደለም፤ የጥይት አጎራረሱ ከምንሽር የተወሰደ ነው። ይህን እንደ ማጽናኛ ነገርኳቸው። አልተጽናኑም።

«እንግዲያ አባቴ ናቸው የማረኩት» አሉ ቆይተው። «አርበኛ ነበሩ።»

በአንዲት ሲኒ ቡና አንድ ትውልድ ወረደ። ዋጋው ግን አልወረደም፤ 150 ሺህ ላይ እንደተተከለ ነው።

ቶናው ሲቀዳ እማማ ሳቅ ሳቅ እያላቸው ነበር። እኔም ሞቅ አለኝ። የመጨረሻ ካርዴን ልምዘዝ አልኩ።

«አባባ፣ ይሄ ዓይነቱ ሰደፉ ውስጥ የመወልወያ ዘንግ ይቀመጥበታል። ዘንጉ ከጠፋ ዋጋው ይቀንሳል።»

ሰደፉን ገልብጬ የብረት ክዳኗን በጥፍሬ ገፋኋት። አባባ ድንገት እጃቸውን ዘረጉ። ለምን እንደዘረጉ አልገባኝም ነበር። እሳቸውም የገባቸው አይመስለኝም፤ እጃቸው ብቻ ቀድሞ አስታወሰ። ክዳኗ ተከፈተች። ጠመንጃውን ነቀነቅኩት። ዘንግ የለም። በላስቲክ ተጠቅልሎ በክር የታሰረ፣ እንደ ጣት የቀጠነ ነገር ወለሉ ላይ ዱብ አለ።

እማማ ጀበናውን አስቀምጠው አነሱት። ክሩን በጥርሳቸው በጠሱ። ሃያ ባለ መቶ ብር። የድሮው! በ2013 የተቀየረው፣ ዛሬ አንድ ሲኒ ቡና የማይገዛው።

ቤቱ ጸጥ አለ። ዕጣኑ ብቻ ይጨሳል።

«የሙክቱ ብር» አሉ እማማ፣ በቀስታ።

ነገሩ ቀስ እያለ ነው የገባኝ። አባባ ድሮ ሙክት ሸጠው ብሩ ጠፋ። እማማ አልወሰዱም። ልጆቹ አልወሰዱም። ያን ሰሞን ቤት የነበረው የእማማ ወንድም ነው። ከዚያ ወዲህ ያ ወንድም የዚህን ቤት ደጃፍ ረግጦ አያውቅም። በዓል ሲመጣ ለብቻው፣ ለቅሶ ላይ ሲገናኙ ፊት ማዞር።

«ወንድሜን ሌባ አድርገውብኝ!» አሉ እማማ። «ይኸው! እርስዎ ራስዎ!»

«ከሌባ ልሸሽገው ብዬ…»

«ከየትኛው ሌባ? ከእኔ?»

እኔ ጠመንጃውን ታቅፌ መሃላቸው ተቀምጫለሁ። የማስቀምጥበት አጣሁ። ለአባባ እንዳልሰጥ ተናደዋል፤ ለእማማ እንዳልሰጥ ደግሞ የባሰ ተናደዋል። ማቀባበያው ለብቻው ረከቦቱ ላይ ከሲኒዎቹ ጋር በመቀመጡ ተመስገን አልኩ።

እማማ ስልካቸውን አወጡ። ወንድማቸው አሁኑኑ ይምጣ። እኔ ደግሞ እንዳልሄድ ታዘዝኩ፤ ምስክር ነኝ። በረካው የተቀዳው ወንድምየው ከመጡ በኋላ ነው። ክዳኗን እንዴት እንደከፈትኩ ሦስት ጊዜ በተግባር አሳየሁ። ሦስተኛው ላይ ጎረቤት ሁሉ ገብቶ ነበር። ወንድምየው ብሮቹን አንድ በአንድ ቆጥረው፣ «ሙሉ ነው» አሉና አባባን ተመለከቱ። አባባ ተነስተው ጉልበታቸውን ሊስሙ ጎንበስ ሲሉ፣ ወንድምየው «ኧረ ይተዉ!» ብለው አቀፏቸው። እማማ ሁለቱንም እየተሳደቡ አለቀሱ።

ስለ ዋጋ የሚያወራ ሰው አልነበረም። ጋቢውን መልሼ ልወጣ ስል አባባ እስከ በሩ ሸኙኝ። ወደኋላ ዞር ብለው አዩና ወደ ጆሮዬ ተጠጉ።

«ልጄ፣ ያ የምታነበው ነገር… ጠመንጃው ሌላም የሚከፈት ቦታ አለው ይላል እንዴ?»

«የለውም አባባ። ምነው?»

«አይ፣ በሬም ሸጬ ነበር።»