ጋፋትኛን ከወረቀት መማር

«ጋፋትኛ እየተማርኩ ነው» ስል ሰው ሁሉ ትዝ የሚለው ሴባስቶፖል የተሠራበት፣ ደብረ ታቦር አጠገብ ያለው ጋፋት ነው። እኔ ግን የማወራው በዓባይ ዳር ይነገር ስለነበረው ቋንቋ ነው። ያባቴ ዘመዶች ዘራችንን ከዚያ ይቆጥራሉ። ቡሬ ውስጥ ግን አንድ ቃል እንኳ የሚነግረኝ ሽማግሌ አጣሁ። እንግሊዛዊው ተጓዥ ቻርልስ ቢክ እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ መጀመሪያ ቃላት ሲሰበስብ ያኔውኑ ወጣቱ ቋንቋውን አያውቀውም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1947 የመጣው የቋንቋ ሊቅ ቮልፍ ሌስላውም ስንት ደክሞ ያገኘው አራት ተናጋሪ ብቻ ነው።

ስለዚህ ያለኝ ወረቀት ነው። የጀመርኩት በመኃልየ መኃልይ ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያስተረጎመው ጋፋትኛ ቅጂ ኦክስፎርድ ይገኛል፤ ሌስላውም እ.ኤ.አ. በ1945 አጥንቶ አሳትሞታል። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ አላውቅም፤ መልእክቱ አስቀድሞ የታወቀ ነዋ! ቅኔ የተማሩ የኔታ ጎረቤት አሉኝ። እኔ ጋፋትኛውን አነባለሁ፣ እሳቸው ግዕዙን በቃላቸው ይወጡታል። ከዚያ ግሡን እንፈልጋለን። ግሡ ከተያዘ ሌላው ብዙም አያስቸግርም።

ያስቸገረን ፊደሉ ነው። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም። «አለ» የሚለውን ስናነብ «ተናገረ» ይሁን «ይገኛል» የምናውቀው አማርኛ አፋችንን የፈታንበት ስለሆነ ነው። ጋፋትኛ ላይ ማንን ትጠይቃለህ? እዚህ ላይ የደረሰልን ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1956 ያሳተመው የሰዋስው ጥናት ነው። ከተናጋሪዎቹ አፍ የሰማውን በላቲን ፊደል ጽፎታል፤ የጠበቀው ድምፅ ይታያል። መጽሐፉ ፈረንሳይኛ ነው። እኔ ፈረንሳይኛ አልችልም። ስልኬን ገጹ ላይ እደግናለሁ፣ እሱ ይተረጉምልኛል። ሁለቱ ሰነዶች ካልተስማሙ ሁለቱንም እጽፋለሁ። አንዱን መርጦ ሌላውን መሰረዝ የኛ ሥራ አይደለም።

የቋንቋ ሊቃውንት ጋፋትኛን በጉራጌ ከሚነገረው ከክስታንኛ ጋር ይመድቡታል። አንድ ክስታንኛ ተናጋሪ ነጋዴ ጓደኛ አለኝ፤ ሳነብለት አንዳንዴ «ይሄማ የኛ ነው!» ይላል። ደስ ይላል፣ ግን ያጓጓል። መኃልዩን ብቻ ይዘህ ፍቅረኛህን ከወይን እስከ ሽቱ ታሞግሳለህ፤ ጤፍ አረም ላይ ስትገባ ግን ቃል ያልቅብሃል። አብረውኝ ከሚማሩት አንዳንዶቹ ክፍተቱን በክስታንኛ ሞልተን እናውራው ይላሉ። አልከለክልም፤ ደብተሩ ላይ ግን ከሰነድ የመጣው በጥቁር፣ ከክስታንኛ የተዋስነው በቀይ እስክሪብቶ ይጻፍ። ይህን ካላደረግን ከዓመታት በኋላ የትኛው የአያቶቻችን፣ የትኛው የጓደኛዬ እንደሆነ ራሳችንም አንለየውም።

አሁን የቢክን ዝርዝር ከሌስላው ጋር ማስተያየት አምሮኛል። የኔታ ግን መጀመሪያ የጀመርነውን ምዕራፍ እንጨርስ ብለዋል።