ከጓንት ወደ ማይክ

ቡጢ የሠራ ሰው ማን እንደሚያሸንፍ ያውቃል ተብሎ ይታመናል። እኛ ሰፈር፣ ባህር ዳር አባይ ማዶ፣ ይሄ እምነት ጠንካራ ነው። ትልቅ ፍልሚያ በመጣ ቁጥር ልጆቹ መንገድ ላይ ያስቆሙኛል። «ኮች፣ ማንን ልያዝ?» የውርርድ ትኬት ሊቆርጡ ነው። እኔ አልነግራቸውም። ክፋት አይደለም። ጓንቱን ሰቅዬ ማይክ ከያዝኩ ወዲህ የገባኝ ነገር ስላለ ነው። ቦክሰኛ ከፍልሚያው በፊት ከማንም የተሻለ ነቢይ አይደለም። ደወሉ ከተደወለ በኋላ ግን ሌላው የማያየውን ያያል። ሰው ሁለቱን አንድ ሥራ ያደርጋቸዋል።

ማይክ ያስያዘኝ የሜይዌዘርና የፓኪያዎ ፍልሚያ ነው። እ.ኤ.አ. ሜይ 2 ቀን 2015 ላስ ቬጋስ ላይ ማታ ሲሆን፣ እኛ ጋ እሁድ ጠዋት 1 ሰዓት ገደማ ነበር። ቅዳሴ ላይ መሆን የነበረብን ሰዎች ዲኤስቲቪ ቤት ታጭቀናል። ትንሽ እንደሄደ ቤቱ ማጉረምረም ጀመረ። «ይሄ ሩጫ ነው እንጂ ቡጢ ነው እንዴ!» አለ አንዱ። ወደ ፊት የሚሄደው ፓኪያዎ ስለሆነ ሁሉም እሱ እየመራ መስሎታል። የእንግሊዝኛውን ትንተና የሚሰማ የለም።

እኔ አጠገቤ ለተቀመጠው ልጅ ቀስ ብዬ ማስረዳት ያዝኩ። የፓኪያዎ ቡጢ የት እንደሚያርፍ ተመልከት አልኩት። ክንድ ላይ፣ ትከሻ ላይ፣ አየር ላይ። ሜይዌዘር ግን ቀኙን ቀጥ አድርጎ አንዴ ይልክና ከቦታው ይጠፋል። ይሄን ስል የኋላ ወንበር ሰዎች አንገታቸውን ማስገግ ጀመሩ። የቤቱ ባለቤት እትዬ ታዝበውኝ ኖሮ «አንተ ልጅ፣ ከምታንሾካሹክ ለሁሉም ተናገራ!» ብለው ለሰርግ የሚያከራዩትን ሞንታርቦ አስከፈቱ። ዳኞቹ 118 ለ110፣ 116 ለ112፣ 116 ለ112 ብለው ለሜይዌዘር ሰጡ። ያረፈው ቡጢ ሲቆጠር ደግሞ 148 ለ81 ሆነ። ይሄም ሆኖ እስከ ምሳ ሰዓት ተጨቃጭቀናል።

ግምቱን ላስቀድም፤ ሰው የሚፈልገው እሱን ነው። ቦክሰኛ ሲገምት ሳይታወቀው ራሱ ሪንግ ውስጥ ይገባል። ጃብ፣ ማለትም የፊት እጅ ቀጥተኛ ቡጢ፣ የሚወድ ጃብ ያለውን ይመርጣል። በጉልበቱ ይኖር የነበረ ጉልበተኛውን። ከኔ ጋር ይሠሩ የነበሩ ጓደኞቼ ሲገምቱ ስሰማ፣ ተጋጣሚዎቹን ባላውቃቸው እንኳ የማን ስታይል ከማን እንደሚመሳሰል ከምርጫቸው እለያለሁ።

ሌላው ወጥመድ ከኳስ የመጣው ሒሳብ ነው። እገሌ እገሌን አሸንፏል፣ እገሌ ደግሞ ያንን፣ ስለዚህ ያለቀ ነገር ነው። ለዚህ መድኃኒቱ መሐመድ አሊና ጆርጅ ፎርማን ኪንሻሳ ላይ የገጠሙት ፍልሚያ ነው። ጆ ፍሬዘር አሊን እ.ኤ.አ. በ1971 በነጥብ አሸነፈው። ኬን ኖርተንም በ1973 አሸነፈው። ፎርማን ግን ሁለቱንም በ2ኛው ዙር ጨረሳቸው፤ ፍሬዘርን ስድስት ጊዜ መሬት አስነክቶ። በዚህ ሒሳብ አሊ አለቀለት። አብዛኛው የቡጢ ሰውም ፎርማን ያሸንፋል ብሎ ነበር። ኦክቶበር 30 ቀን 1974 አሊ ገመዱን ተደግፎ ክንዱን እያስመታ ፎርማንን አደከመው፤ በ8ኛው ዙር ዘረረው። ፍሬዘር ወደ ፎርማን ቡጢ የሚገባ ተጫዋች ነበር። አሊ አይገባም። ሒሳቡ ውስጥ ያልነበረው ይሄ ነው።

ያን ሌሊት ከሪንጉ ሥር ማይክ ይዘው ከነበሩት አንዱ ራሱ ፍሬዘር ነበር። አንዱን አሸንፎታል፣ በሌላው ተዘርሯል። የሁለቱንም ቡጢ በገላው የቀመሰ ተንታኝ! ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋላችሁ? ግን ገላ የሚያስታውሰው የራሱን ፍልሚያ ነው።

ስለዚህ ደብተር ያዝኩ። ከፍልሚያው በፊት የአሸናፊውን ስም ከነምክንያቱ እጽፋለሁ። ግራኝ ማነው? ከሪንግ ርቆ የቆየው ማነው? ሚዛን ላይ ሲወጣ ፊቱ የሟሟውስ? ስንት ዙር ነው? የመጨረሻዋን ጥያቄ ሰው ይንቃታል። እኛ እዚህ የምናሠለጥናቸው አማተሮች የሚጫወቱት 3 ዙር ነው። እስኪሞቀው ድረስ ቀስ የሚል ልጅ፣ ሞቆት ቀና ሲል ደወሉ ተደውሏል። ያው ልጅ 12 ዙር ቢሰጠው ማን ያውቃል። ምክንያቱን መጻፍ ጥቅሙ የሚታየው በማግሥቱ ነው። በነጥብ ያሸንፋል ያልኩት ሰው ድንገት ከጎን በመጣች አንዲት ሁክ ቢያሸንፍ፣ ለደብተሩ ማርክ የለውም።

ማይኩ ግን ሌላ ነገር ነው። ቡጢውን አልተርክም። ሰው ዓይን አለው፤ «መታው! ደገመው!» የሚባለው ለሬዲዮ ነው። እኔ የማየው እግር ነው። ግራኝና ቀኝ ሲገጥሙ የፊት እግሮቻቸው ይጋፋሉ። የራሱን ከተጋጣሚው እግር ወደ ውጪ ያሳለፈ፣ የኋላ እጁ ክፍት መንገድ ያገኛል። ይሄን አንዴ ካሳየኋቸው በኋላ ቤቱ ራሱ «እግሩን አሳለፈ!» ማለት ይጀምራል። ያኔ እኔ አርፋለሁ። በዙሮች መካከል ያለችው አንድ ደቂቃ ግን የኔ ናት። ቡጢው ስለቆመ ሰው ይሰማል።

ፊዩሪና ኡሲክ ሪያድ ላይ የገጠሙ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. ሜይ 18 ቀን 2024፣ በኛ ሰዓት እኩለ ሌሊት አልፎ ነበር። በዚያ ሰሞን ባህር ዳር ላይ ማታ እንደልብ አይወጣም። እሁድ ከሰዓት ድጋሚውን ልናይ ተቀጣጠርን። የሞባይል ዳታ ዝግ ስለነበር አብዛኛው ሰው ውጤቱን አልሰማም። እኔ ጠዋት ጣና ዳር ስሮጥ የማውቀው ሰው ባየሁ ቁጥር «እንዳትነግረኝ!» እያልኩ ነው ያለፍኩት። እብድ መስያቸው ይሆናል።

መሀል ላይ ፊዩሪ ከታች ወደ ላይ በሚወጣ አፐርካትና በሆድ ቡጢ ኡሲክን ሲያሠቃየው ቤቱ ለፊዩሪ ጨረሰለት። በ8ኛው ዙር ኡሲክ ፊዩሪን አፍንጫው ላይ አገኘው። ዙሩ እንዳለቀ ማይኩን ከፈትኩ። አፍንጫው የተጎዳ ሰው በአፉ ይተነፍሳል አልኳቸው። አፉ ከተከፈተ መንጋጋው ይላላል። የላላ መንጋጋ ላይ ያረፈ ቡጢ ጭንቅላት ድረስ ይዘልቃል። በሚቀጥለው ዙር የኡሲክን ግራ እጅ ጠብቁ።

9ኛው ዙር ላይ ያ ግራ እጅ አረፈ። ፊዩሪ ከገመድ ገመድ ሲንገዳገድ የሪንጉ ዳኛ ገብቶ መቁጠር ጀመረ። ቤቱ ተነሳ። «አልወደቀም እኮ! ምን ሆኖ ነው የሚቆጥርበት?» ገመዱ ባይይዘው ይወድቅ ነበር ተብሎ ከታመነ እንደወደቀ ይቆጠራል፣ ሕጉ ነው፣ አልኩ። ማን ሊሰማኝ! ውጤቱ ሲነበብ ግን ዝም አሉ። 115 ለ112 እና 114 ለ113 ለኡሲክ፣ 114 ለ113 ለፊዩሪ። እስክሪብቶ አስመጥቼ አሳየኋቸው። ያ ቆጠራ የ9ኛውን ዙር ነጥብ ለኡሲክ ከ10 ለ9 ወደ 10 ለ8 ወሰደው። ያቺ አንድ ነጥብ ባትቀነስ አንዱ ዳኛ ለኡሲክ፣ አንዱ ለፊዩሪ፣ አንዱ እኩል፤ ፍልሚያው አቻ ነበር።

አንዳንዱን ነገር ደግሞ የወደቀ ሰው ብቻ ነው የሚያውቀው። እ.ኤ.አ. በ2012 ማርኬዝ ፓኪያዎን በ6ኛው ዙር በፊቱ ሲደፋው፣ ከሪንጉ ሥር ማይክ ይዞ የነበረው ቦክሰኛው ሮይ ጆንስ ወዲያው «አይነሳም» እያለ ጮኸ። ሮይ ጆንስ ራሱ በ2004 በታርቨርም በግሌን ጆንሰንም ተዘርሮ ነበር። መውደቅን ከውስጥ ያውቀዋል።

እኔ ግን በሠፈር ውድድር ላይ እንዲህ ብዬ አልጮህም። የሪያዱ ፊዩሪ አይሰማኝም። እዚህ የወደቀው ልጅ ግን እናቱ ሦስተኛ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። አንዴ «አለቀለት» ካልኩ ልጁ ተነስቶ ቢያሸንፍ እንኳ እሷ የምታስታውሰው እኔን ነው። ስለዚህ ልጅ ሲወድቅ የዳኛውን ቁጥር ብቻ ነው የምከተለው። ከውድድሩ በፊት ሁለቱንም ልጆች ሄጄ አገኛቸዋለሁ። ስማቸውን ከነአባታቸው እጠይቃለሁ፤ ስሙ በማይክ የተበላሸበት ልጅ ቂም ይይዛል። ማይኩን የምይዘው በግራዬ ነው። ቀኜ እስከ ዛሬ ከፍልሚያው ጋር አብሮ መወርወሩን አልተወም፤ ሻይ የያዘ ሰው አጠገቤ አላስቀምጥም።