ክፍልህ ስንት በስንት ነው?

ዛሬ መርካቶ አንድ ወጣት ባለ 12 ኢንች ሰብዉፈር (ቤዝ፣ ማለትም ወፍራሙን ድምፅ ብቻ የሚያወጣ ስፒከር) ሊገዛ ብር ሲቆጥር ሻጩ «ወንድሜ፣ ክፍልህ ስንት በስንት ነው?» አለው።

«ሦስት በአራት። ኮንዶሚኒየም ነው።»

ሻጩ ብሩን አልተቀበለም። ባለ 5 ኢንች አክቲቭ ስፒከር (አምፕሊፋየሩ ውስጡ ያለ) አውጥቶ ሙዚቃ ከፈተ፤ መጀመሪያ ጥግ አስጠጋው። ቤዙ አብጦ የዘፋኙን ድምፅ ዋጠው። ከግድግዳው ሁለት ስንዝር ያህል ሲያርቀው ግን ክራሩ ጥርት ብሎ ወጣ። የወጣቱ ፊት ሲበራ አየሁ።

እንዲህ ያለ ሻጭ ይባረክ! የ40 ኸርዝ ወፍራም ድምፅ ሞገድ ስምንት ሜትር ተኩል ያህል ይረዝማል፤ አራት ሜትር ክፍል ውስጥ ግድግዳው ሥር ይጮኻል፣ መሐል ላይ ይጠፋል። የተረፈው ጎረቤት ቤት ይገባል፤ እዚያ ደግሞ ሕፃን ተኝቶ ይሆናል። ሰብዉፈር የግድ ካላችሁ ለእንደዚህ ዓይነት ክፍል ባለ 8 ኢንች ይበቃል፤ ከመግዛታችሁ በፊት ቤታችሁን በሜትር ለኩት።