ከአትላንታ ተስኬጊ፦ ከጋሼ ጋር የቀዩን ጭራ ፍለጋ

ጋሼ መኪና ውስጥ እንቅልፍ አይወስዳቸውም። ከአትላንታ ከወጣን ጀምሮ በአይ-85 ወደ ደቡብ የሚሄደውን መኪና ሁሉ በድምፁ ይገመግማሉ። «ይሄ ቫልቩን ያሳየው» ይላሉ፣ አጠገባችን ያለፈውን ጭነት መኪና። የአላባማን ድንበር ስናልፍ ስልኬ ሰዓቱን ወደ ኋላ መለሰው። በነፃ አንድ ሰዓት አተረፍን።

ጋሼ የእናቴ ወንድም ናቸው። ወጣትነታቸው ያለፈው ደብረ ዘይት፣ ሐረር ሜዳ ነው። ቢሾፍቱ ማለት እስከ ዛሬ አልሆነላቸውም። አብራሪ አልነበሩም፤ የኤፍ-5 ተዋጊ ጄት ሞተር ቴክኒሻን ነበሩ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተዋጉት፣ «ቀይ ጭራ» የሚባሉት የተስኬጊ ጥቁር አሜሪካውያን አብራሪዎች የሰለጠኑበትን ቦታ ላሳይዎት ስላቸው ፊታቸውን አጨፈገጉ። «አብራሪ፣ አብራሪ ትላላችሁ። ያን ብረት ማን ነው እንዲነሳ ያደረገው?»

ቦታው፣ ሞተን ፊልድ የሚባለው የአውሮፕላን ሜዳ፣ ከአውራ ጎዳናው ብዙም አይርቅም። ሜዳ፣ ጥድ፣ ሁለት የጡብ ሀንጋር። መግቢያ አይከፈልም። ዝም ያለ ቦታ ነው፤ እኔማ መንገድ ስተን የእርሻ ጣቢያ የገባን መስሎኝ ነበር። አንደኛው ሀንጋር ውስጥ ስቲርማን የሚባል ባለ ድርብ ክንፍ ማሰልጠኛ አውሮፕላን ቆሟል። ተማሪው የመጀመሪያውን ትምህርት የሚጀምረው በእሱ ነበር። ከዚያ ወደ ትልቁ የጦር ሰራዊቱ ሜዳ ተዛውሮ፣ በመጨረሻ ፒ-40 የሚባለው ተዋጊ አውሮፕላን ላይ ይወጣል። (ቀኑንም ዓመቱንም ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው።) የመጀመሪያው ምድብ በ1941 ክረምት 13 ሆኖ ገባ። መጋቢት 7 ቀን 1942 ክንፋቸውን ያገኙት አምስት ብቻ ነበሩ። ከእነሱ አንዱ ቤንጃሚን ዴቪስ ነው፤ ዌስት ፖይንት፣ የጦር አካዳሚው፣ አራት ዓመት ሲማር ነጮቹ ጓደኞቹ ከሥራ ጉዳይ ውጪ ቃል አልተነፈሱለትም።

ጋሼን የያዛቸው ግን ዴቪስ አልነበረም። የእነዚህ አብራሪዎች የአየር ጓድ፣ የ99ኛው ስኳድሮን፣ ታሪክ ከየት እንደሚጀምር ሳነብላቸው ነው ቀጥ ብለው የቆሙት። ስኳድሮኑ የተቋቋመው በመጋቢት 1941፣ ኢሊኖይ ውስጥ ቻኑት በተባለ ሜዳ ነው። ያኔ አንድም አብራሪ አልነበረውም። የነበሩት ከ250 በላይ የምድር ሠራተኞች ናቸው፤ ሞተር የሚፈቱ፣ መሣሪያ የሚገጥሙ፣ ሬዲዮ የሚጠግኑ። አብራሪዎቹ ክንፋቸውን ያገኙት ከዓመት በኋላ ነው።

«ድገመው» አሉኝ። ደገምኩት። ኮፍያቸውን አውልቀው መልሰው አደረጉት።

ቦታው ያለ ጥቁር አሜሪካዊው አብራሪ ጆን ሮቢንሰን አይነገርም፤ ቢያንስ እኛ ሐበሾች ልንረሳው አይገባም። ሮቢንሰን ተስኬጊ የተማረው አውቶ መካኒክ ነበር፤ በ1924 ተመረቀ። ቺካጎ ሄዶ የአቪዬሽን ትምህርት ቤት አላስገባም ሲለው፣ እዚያው ጽዳት ሠራተኛ ሆኖ ትምህርቱን በጎን ይሰማ እንደነበር ይተረካል። በ1934 ወደ ተስኬጊ ተመልሶ፣ እዚህ የበረራ ትምህርት ክፈቱ ብሎ ወተወተ። በዓመቱ አዲስ አበባ ነበር። ጣሊያን ሲወርረን የአየር ኃይላችን አዛዥ ሆኖ ያገለገለው በጣት በሚቆጠሩ፣ መሣሪያ በሌላቸው አውሮፕላኖች ነው። ተስኬጊ የበረራ ትምህርቱን የጀመረው በ1939 ነው። ሮቢንሰን ከጣሊያን ወረራ በኋላም አልቀረም። በ1944 መጥቶ የእኛን አብራሪዎች ማሰልጠን ቀጠለ። በ1954 በአውሮፕላን አደጋ ሞተ፤ የተቀበረው ጉለሌ ነው።

«ጉለሌ?» አሉ ጋሼ። «እኔ ጉለሌ ተከራይቼ ኖሬያለሁ እኮ።»

የጦርነቱን ክፍል ቶሎ ቶሎ አለፍነው፤ ብዙ ሰው የሚያውቀው እሱን ነው። 99ኛው በ1943 ሰሜን አፍሪካ ሄደ። ጥቂት ወራት እንደሠራ የበላይ አዛዡ «የመዋጋት ወኔ የላቸውም» ብሎ ጻፈባቸው። ዴቪስ ዋሽንግተን ተጠርቶ ተከራከረ። ጥር 1944 አንዚዮ ላይ በሁለት ቀን 12 የጀርመን አውሮፕላን ጣሉ። ከዚያ በኋላ ስለ ወኔ ያነሳ የለም። ወደ 332ኛው ተዋጊ ቡድን ተቀላቅለው ፒ-51 የሚባለውን ተዋጊ ሲቀበሉ ጭራውን ቀይ ቀቡት። ሁለተኛው ሀንጋር ውስጥ በቅጂ የተሠራ አንድ አለ። ቀዩ ያስደነግጣል፤ ፎቶ ላይ እንደዚህ አይመስልም።

ውጪ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ቡናችንን ከፔርሙዝ ቀዳን። የቀረውን ከስልኬ አነበብኩላቸው። ስኳድሮኑ በ1949 ፈረሰ፤ ጥቁርና ነጭ ለይቶ ማሰለፍ ስለቀረ። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ስሙ ብቻውን ተኛ። በ1988 ሲነሳ ግን ተዋጊ ሆኖ አይደለም። አሪዞና፣ ዊሊያምስ፣ የጄት አብራሪዎች ማሰልጠኛ ሆኖ ነው፤ አውሮፕላኑ ቲ-38።

ጋሼ ስኒውን አስቀመጡ።

«ዊሊያምስ? የእኛ ልጆች ኤፍ-5 የተማሩበት ዊሊያምስ?»

«ይመስለኛል፣ ጋሼ።»

«ቲ-38 እኮ የኤፍ-5 ወንድም ነው። ሁለቱም የኖርዝሮፕ ልጆች። ሞተራቸውም ያው ጄ-85!» ከዚያ በኋላ ሃያ ደቂቃ ያህል አልተናገርኩም። ጄ-85 ትንሽ ሞተር ነው፣ አንድ አውሮፕላን ሁለት ይይዛል። ትንሽነቱ አያታልልህ አሉኝ፤ ከመሬት ድንጋይ ስቦ ከዋጠ አለቀ። ስለዚህ ከበረራ በፊት ማኮብኮቢያውን በመስመር ተሰልፈው፣ አጎንብሰው ጠጠር ይለቅሙ ነበር። በእጃቸው አሳዩኝ። መዳፋቸው ላይ የሌለውን ጠጠር አየሁት ልበል?

ስኳድሮኑ በ1993 ቴክሳስ፣ ራንዶልፍ ገባ። አሰልጣኞችን የሚያሰለጥነው ቲ-1 በተባለ ጄት ነበር፤ የጭራውንም ጫፍ ቀይ ቀባው። በ2019 ደግሞ አየር ኃይሉ አዲሱን ማሰልጠኛ ጄት ቲ-7ን ለእነዚያ አብራሪዎች መታሰቢያ «ሬድ ሆክ» አለው። ጋሼ ለዚህኛው ብዙ ግድ አልሰጡም። ሞተሩን አያውቁትማ።

ስንመለስ ድንበሩ ላይ ያተረፍናትን ሰዓት ጆርጂያ ወሰደችብን። ጋሼ ስልካቸውን አውጥተው አዲስ አበባ ደወሉ። እናቴ አነሳች፤ እዚያ ከምሽቱ አምስት ሰዓት ነበር።

«ነገ ጉለሌ ሂጂና የአሜሪካኖች መቃብር የት እንደሆነ ጠይቂልኝ።»

«ምን ሆነህ ነው በዚህ ሰዓት? ማን ሞተ?»

«አንድ መካኒክ» አሉ ጋሼ። «ቆይቷል።»