ጣልያን እዚህም ቀድሞናል

ሲያትል ከገባሁ 11 ዓመቴ ነው፣ ሬኒየር አቬኑን ዓይኔን ጨፍኜ እነዳዋለሁ፣ እንጀራ የምገዛው እዛ ጸጉሬን የምቆረጠው እዛ፣ ግን ከእኛ በፊት ማን ነበር እዚህ ብዬ አንድ ቀን እንኳን አስቤ አላውቅም።

ባለፈው ሳምንት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ሂስትሪሊንክ የሚባል ድረ ገጽ ላይ ወደቅኩ። የዋሽንግተን ስቴት ታሪክ ኢንሳይክሎፒዲያ ነው፣ ነጻ፣ ክፈል ምናምን የለም። በፈረንጅ 1998 ነው ዋልት ክሮውሊ ከሚስቱ ከማሪ ማካፍሪና ከፖል ዶርፓት ጋር የጀመረው፣ መጀመሪያ ሲያትልና ኪንግ ካውንቲን ብቻ ነበር፣ ስቴቱን በሙሉ የያዘው በኋላ ነው። እንደ ዊኪፔዲያ የመጣ ሁሉ አይነካካውም፣ ማን ጻፈው፣ መቼ ወጣ፣ ከየት አመጣው፣ ሁሉም እዛው አለ።

እና ሬኒየርን ፈለግኩ። ለካ ሰፈሩ ድሮ የጣልያን ስደተኞች ሰፈር ነበር፣ ስሙም "ጋርሊክ ገልች"፣ የነጭ ሽንኩርት ሸለቆ በሉት! ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ፣ ምክንያቱም ቁሌት ሳቁላላ ከላይ ያለችው ጎረቤቴ ሁለቴ መጥታ አንኳኩታብኛለች። ጣልያን እዚህም ቀድሞን ሰፈሩን ከሽታው ጋር አላምዶት ነበር ማለት ነው። በኋላ ሀይዌይ 90 መጥቶ ሰፈሩን መሃል ለመሃል ሰነጠቀው።

ከዛ ደግሞ ስታዲየሙ። የኮንስትራክሽን ዕቃ የምንገዛበት ትልቁ ሱቅ የቆመበት ቦታ ሲክስ ስታዲየም ነበር አሉ፣ በፈረንጅ 1938 የተከፈተ የቤዝቦል ሜዳ። ዘፋኙ ኤልቪስ ፕሪስሊ 1957 ዘፍኖበታል። ፓይለትስ የሚባለው ቡድን 1969 አንድ ሲዝን ብቻ ተጫውቶ ወደ ሚልዋኪ ሄደ። ጊታሪስቱ ጂሚ ሄንድሪክስ ደግሞ፣ የዚሁ ከተማ ልጅ፣ ጁላይ 26፣ 1970 ዝናብ እየወረደ እዛው ተጫወተ፣ ሁለት ወር ሳይሞላው ሞተ። 1979 ላይ ስታዲየሙ ፈረሰ።

ቅዳሜ የቧንቧ ጎሚኒ ልገዛ ሄድኩ (ጎሚኒም የጣልያን ቃል ነው ለካ)። ፓርኪንጉ ላይ ቆሜ መድረኩ በየት በኩል ይሆን እያልኩ ስዞር አንዱ ሀበሻ መኪና ጠፍቶህ ነው ወይ አለኝ፣ እኔም እዚህ እኮ ሄንድሪክስ ተጫውቷል ብዬ ጀመርኩለት፣ እሱ ደግሞ ማነው እሱ አለኝ፣ ከዛ ግማሽ ሰዓት አወራን። ቤት ስደርስ ባለቤቴ "ጎሚኒውስ?" አለችኝ።