በካርታ ላይከን የሞሬን ዕድሜ ማስላት

በደቡብ ስዊዘርላንድ ያሉት የቫሊስ ሸለቆዎች ግራና ቀኝ የቆሙት ተራሮች ዝናቡን ስለሚያስቀሩባቸው ከአገሪቱ ሁሉ ደረቆቹ ናቸው። እዚያ ግራናይትና ግናይስ ላይ እንደ ቢጫ አረንጓዴ ቀለም ተረጭቶ የሚታየው ራይዞካርፖን ጂኦግራፊኩም፣ በተለምዶ የካርታ ላይከን የሚባለው ነው (ላይከን ፈንገስና አልጌ ተጣምረው የሚኖሩበት አካል ነው)። ከድንጋዩ ጋር ስለተጣበቀ በምላጭ እንኳ ሳይሰባበር አይነሳም። ዕድገቱ በዓመት ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች ነው። ኦስትሪያዊው ሮላንድ ቤሼል እ.ኤ.አ. ከ1950 ጀምሮ ግግር በረዶ ገፍቶ የከመረውን ድንጋይ፣ ማለትም የሞሬንን ዕድሜ በዚህ ላይከን ስፋት ማስላት ይቻላል ያለው ከዚህ ተነስቶ ነው።

ስፋት መለኪያውን ካሊፐር መያዝ ማንም ይችላል። ሥራው ያለው የሚለካውን መምረጥ ላይ ነው።

የምይዘው ጥቂት ነው፦ የፕላስቲክ ካሊፐር (ብረቱ ላይከኑን ይፍቃል)፣ 10 እጥፍ የሚያጎላ የእጅ ሌንስ፣ በጠብታ ጠርሙስ 10 በመቶ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ፣ ጂፒኤስና ለፎቶ የሚሆን ማስመሪያ። መጀመሪያ አሲዱን ባዶ ድንጋይ ላይ አንድ ጠብታ አደርጋለሁ። ከፈላ ድንጋዩ ኖራማ ነውና አልፈዋለሁ፤ ይህ ላይከን የሚወደው ሲሊካ የበዛበትን ድንጋይ ነው።

ቀጥሎ ሌንሱ። ቢጫው ቅርፊት በጥቃቅን ቁራሾች የተሰነጣጠቀ ነው፤ ጥቁሮቹ የፍሬ አካላት በቁራሾቹ መሐል ይቀመጣሉ፤ ዙሪያውን ጥቁር ጠርዝ ይከበዋል። ፍሬውም እንደ ቅርፊቱ ቢጫ ከሆነና ጥቁር ጠርዝ ከሌለው ምናልባት ፕሊዮፕሲዲየም የሚባል ሌላ ላይከን ነው፤ እሱን አልለካም። ይበልጥ የሚያሳስተው ዘመዱ ራይዞካርፖን አልፒኮላ ነው። በዓይን መለየት ሲያቅት ትንሽ ቁራሽ ወስጄ ቤት አየዋለሁ። ፍሬውን በምላጭ ስስ አድርጌ ቆርጬ፣ ውሃ ጠብ አድርጌ፣ በ400 እጥፍ ስመለከት የጂኦግራፊኩም ስፖር (የመራቢያ ቅንጣት) እንደ ጡብ ግንብ በብዙ ክፍሎች የተከፋፈለ ነው፤ የአልፒኮላ ሁለት ክፍል ብቻ አለው። የላይከኑ ቅርፊት ነጭ ውስጥ ላይ አዮዲን ሲንጠባጠብም የመጀመሪያው ወደ ሰማያዊ ወይም ወይን ጠጅ ይለወጣል፣ ሁለተኛው አይለወጥም። ሁለቱ የሚያድጉበት ፍጥነት ስለሚለያይ፣ ቀላቅሎ የለካ ሰው ሒሳቡ ከመነሻው ተበላሽቷል።

የምለካው ረጅሙን ዲያሜትር ነው፣ ጥቁሩን ጠርዝ ጨምሬ፣ ላይከኑ ደረቅ ሲሆን። አጭሩ ዲያሜትር ከረጅሙ ሁለት ሦስተኛ በታች ከሆነ እተወዋለሁ። ትልቅ የሚመስለው ብዙውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ላይከኖች ተጋጥመው ነው፤ በመሐላቸው የሚያልፈውን ቀጭን ጥቁር መስመር በሌንስ ካልተከተሉት አይታይም። ከአንድ ሞሬን የአምስቱን ትላልቆች አማካይ እወስዳለሁ። አንዱ ብቻ ከሌሎቹ በጣም ከገዘፈ፣ ግግሩ ከማምጣቱ በፊት ገደል ላይ ሳለ የበቀለበት ድንጋይ ሊሆን ስለሚችል አወጣዋለሁ። በረዶ ዘግይቶ የሚቀልጥበት ጎድጓዳ ቦታ ላይም አልለካም፤ እዚያ ላይከኑ ይሞትና እንደገና ይጀምራል። ወፍ የሚያርፍበት ድንጋይ ጫፍም እንዲሁ፤ ኩሱን የሚወደው ብርቱካናማው ላይከን ቦታውን ይወስድበታል። ድንጋዩ ራሱ ተንከባሎ ከነበረ ደግሞ ዕድሜው የመንከባለሉ እንጂ የሞሬኑ አይደለም።

ስፋቱን ወደ ዓመት ለመቀየር በዚያው አካባቢ ዘመናቸው የታወቀ ቢያንስ ሁለት ቦታዎች ያስፈልጋሉ። በቫሊስ ያለው ታላቁ የአሌች ግግር በረዶ የመጨረሻ ትልቅ ስፋቱ ላይ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1859/60 ስለሆነ የውጭኛው ሞሬኑ ጥሩ መነሻ ነው። ሌላው ዓመተ ምሕረት የተቀረጸበት ድልድይ ወይም ግንብ ሊሆን ይችላል። ሁለት ነጥብ የሚያስፈልገው ላይከኑ ድንጋዩ በተራቆተ ማግስት ስለማይበቅል ነው። እንበልና 160 ዓመት ባለው ሞሬን ላይ አማካዩ 70 ሚሊ ሜትር ሆነ፣ ለመብቀል የፈጀበትም 15 ዓመት ነው። ዕድገቱ 70 ለ145 ሲካፈል፣ በዓመት 0.48 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። ዕድሜው ያልታወቀው ሞሬን 35 ሚሊ ሜትር ቢያሳይ 73 ሲደመር 15፣ 88 ዓመት ማለት ነው። የመብቀያው ጊዜ ቢዘነጋ 80 ይወጣ ነበር። ይህም ቢሆን ዕድገቱ ወጥ ነው ብለን ነው፤ በወጣትነቱ ፈጥኖ ኋላ ስለሚዘገይ፣ ከመነሻዎቹ ዕድሜ አልፎ መተንበይ አደገኛ ነው። የደረቁን ሸለቆ ስሌት እርጥብ ሸለቆ ላይ መጠቀምም አይሆንም።

ሰሜን ተራሮች ወይም ባሌ ላይ ልሞክረው ለሚል፦ እዚያ ያሉት ሞሬኖች ከ10 ሺህ ዓመት በላይ ያስቆጠሩ ናቸው፤ ላይከኑ ይህን ያህል ወደ ኋላ አያደርስም። ለእንዲህ ዓይነቱ ድንጋይ የሚሻለው ከጠፈር የሚመጣው ኮስሚክ ጨረር ውስጡ የሚፈጥረውን ክሎሪን-36 በላቦራቶሪ ማስለካት ነው።