ድም ድም፣ ጧ!

ዛሬ እዚህ ሜሪላንድ የልጄ ትምህርት ቤት የቅርጫት ኳስ ጨዋታ ነበረው። ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ልጆቹ መቀመጫውን በእግራቸው መምታት ጀመሩ። ድም ድም፣ ጧ! ሁለቴ በእግር፣ አንዴ በጭብጨባ። የተቀመጥኩበት ሁሉ ተንቀጠቀጠ። የ9 ዓመቱ ልጄም ወዲያው ገባበት።

«ከማን ለመድከው?» አልኩት።

«ሁሉም ሰው ያውቀዋል እኮ!»

ኩዊን የሚባል የእንግሊዝ ሮክ ባንድ መኖሩን ግን ሰምቶም አያውቅ።

ምቱ የእነሱ ዘፈን የ«ዊ ዊል ሮክ ዩ» (We Will Rock You) ነው፤ የወጣው በ1977 እ.ኤ.አ. ነው። የደረሰው ጊታሪስቱ ብራያን ሜይ ነው። ኮንሰርት ላይ ተጨናንቆ የቆመ ሕዝብ ምን ማድረግ ይችላል ብሎ አሰበ። እግሩን መምታት፣ ማጨብጨብ፣ መዝፈን። በቃ። ለንደን ስቱዲዮ ውስጥ ጣውላ እየረገጡ ቀዱት፤ ድምፁን ደራርበው የብዙ ሕዝብ አስመሰሉት። ከበሮ የለበትም! እኔን የሚገርመኝ ይሄ ነው። ለአድማጩ ቦታ ትተውለት ሠሩት፣ አድማጩም ወረሰው።

ማታ ልጄ ሲተኛ ላይቭ ኤይድ የተባለውን የእርዳታ ኮንሰርት ቪዲዮ ከፈትኩ። ዌምብሌይ ስታዲየም፣ በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 6 ቀን 1977። ኩዊኖች የተጫወቱት 20 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። ዘፋኛቸው ፍሬዲ ሜርኩሪ ነጭ ካናቴራ ለብሶ ያዜማል፣ ያ ሁሉ ሕዝብ አብሮት ያጨበጭባል። ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ዛሬ ግን እንባዬ መጣ። ያ ሁሉ ሰው የተሰበሰበው በ77ቱ ድርቅ ለሚረግፈው ወገናችን ነበር።

ነገ ከትምህርት ቤት ሲመለስ አብረን እናየዋለን።